ሚስጥር ቁጥር ማካፈልን ያስለመድናቸው እኛው ነን

አያቴ የምትኖረው ሰላ ድንጋይ ነው። አክስቴ ከዐረብ አገር "ለቤትሽ ቆርቆሮ ግዢበት" ብላ የላከችላት 11 ሺህ 400 ብር በስልኳ ውስጥ ነበር። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ብሩ በሁለት የስልክ ጥሪ ተወሰደ። እኔ የሰማሁት ከ19 ቀን በኋላ ነው። እሱንም ራሷ ደውላ ነግራኝ አይደለም። "ቆርቆሮው ተገዛ ወይ?" እያልኩ ስነዘንዛት፣ እሷም "ይደረሳል ልጄ፣ ይደረሳል" እያለች ስታልፈኝ ቆይታ፣ በመጨረሻ ዝም አለች። ዝምታዋን ስሰማ ገባኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ቁጣ ነው። "እንዴት ለማታውቂው ሰው ሚስጥር ቁጥር ትሰጫለሽ?" ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቀደመችኝ፦ "አንቺ አይደለሽ እንዴ ስጪ ያልሽኝ?"

ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ጥሩ መልስ ስላጣሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፍ ስልኳን የገዛሁላት እኔ ነኝ። የሞባይል ገንዘቡንም ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። ሚስጥር ቁጥሩን ሳይቀር የመረጥኩላት እኔ ነኝ፤ "ማርያም በ21፣ ሚካኤል በ12፤ እነዚህን አትረሺያቸውም" ብዬ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ አሃዝ ግን ትለያለች። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ምን አልኳት? "ብር ስትፈልጊ ለባለሱቁ ልጅ ስልኩንና ቁጥሩን ስጪው፣ እሱ ያወጣልሻል።" ካርድ ለመሙላትም እንደዚያው፣ ቀሪ ሂሳብ ለማየትም እንደዚያው። ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ የጎረቤት ልጅ አለ።

እንግዲህ አስቡት። አያቴ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ስለ ሚስጥር ቁጥር የተማረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስልክ የሚችል፣ ትሁት የሆነ ወጣት ሲጠይቅሽ የምትነግሪው ቁጥር ነው። ያን ጠዋት የደወለውም ስልክ የሚችል፣ ትሁት የሆነ ወጣት ነበር።

"እናቴ፣ እንደምን አደሩ? ምዝገባዎ ስላልታደሰ ገንዘብዎ ዛሬ ሊታገድ ነው። እኔ ላድስልዎት" አላት። ሚስጥር ቁጥሯን ጠየቃት፣ ነገረችው። "አሁን በመልእክት ቁጥር ይመጣልዎታል፣ እሱን ያንብቡልኝ" ብሎ ዘጋ። መልእክቱ መጣ። አያቴ የጎረቤቱን ልጅ ጠራች። ሰውዬው መልሶ ሲደውል ልጁ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበለት። የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው የታዘዘ መስሎት ነው።

ያ ቁጥር ምን መሰላችሁ? ሰውዬው የአያቴን ሂሳብ በራሱ ስልክ ላይ እየከፈተ ነበር። ሲስተሙ "እውነት ባለቤቷ ናት?" ብሎ ለማረጋገጥ ወደ ሲሟ የላከው ቁጥር ነው። በሩ ሁለት ቁልፍ ነበረው፣ ሁለቱንም አቀበሉት። በደቂቃዎች ውስጥ ብሩ ወደ ሌላ ቁጥር ሄደ። በ19ኛው ቀን ለአገልግሎቱ ሰጪ ስደውል የተነገረኝ ገንዘቡ በዚያው ቀን ወጥቶ ማለቁን ነው።

"ያልተማሩ ስለሆኑ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ይሄን ሐሳብ ለራሴም ሞክሬው ነበር፤ አይሠራም። በአሜሪካ ኤፍቢአይ ያወጣውን ሪፖርት ብታዩ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች በኢንተርኔት ማጭበርበር አጣን ብለው ያመለከቱት ገንዘብ ከ4.8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ኮምፒውተር ላይ ሲሠሩ ያረጁ ናቸው። አጭበርባሪ የሚፈልገው መሃይም አይደለም። የሚፈልገው የተጠራቀመ ብር ያለው፣ ደዋይን ማመናጨቅ ነውር የሚመስለው፣ ብቻውን የሚውል ሰው ነው። አገራችን ውስጥ ደግሞ ሽማግሌና አሮጊት ሲያሳድጉን ያስተማሩን ራሱ ይሄንኑ ነው፦ እንግዳን አክብር፣ "እናቴ" ላለሽ "ወይ ልጄ" በይው።

ሌላም ነገር አለ። ሁሉም ነገር በጣም በፍጥነት ነው የመጣባቸው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። በ2016 በጀት ዓመት መጨረሻ ላይ የተመዝጋቢው ቁጥር ከ47 ሚሊዮን በልጦ ነበር። በመሀሉ፣ በነሐሴ 2015፣ የሳፋሪኮም ኤምፔሳም ገባ። ባንኮቹም የየራሳቸውን አመጡ። የአያቴ ትውልድ ገንዘብን በዓይኑ እያየ፣ በመቀነት ጠቅልሎ፣ በዕቁብ ጸሐፊ ፊት እየቆጠረ የኖረ ነው። የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሰላ ድንጋይን መቀመጫ አድርገው ግዛት ያስተዳድሩ እንደነበር እያወራን ያደግን ሰዎች፣ የአገሬው ሴት ንብረት መያዝ አያውቅበትም ልንል አንችልም። የማያውቁት ንብረት መያዝን አይደለም፤ በር የሌለው ቤትን ነው።

በእኛ አካባቢ የተለየ ችግርም ነበር። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ድርጅቶቹ "ተጠንቀቁ" የሚሉት በአብዛኛው በቴሌግራምና በፌስቡክ ነው። በኮከብና በመሰላል የሚሠራው የገንዘብ አገልግሎት ግን ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የአጭበርባሪውም ጥሪ አይፈልግም። ማስጠንቀቂያው ሳይደርስ ጥሪው ይደርስ ነበር ማለት ነው።

ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ሁሌም የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፦ ኪሳራው የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ምክንያቱም የሚጠነቀቀው ኪሳራው የሚያርፍበት ሰው ነው።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ለሊት የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ብዙ ሰው፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከሂሳቡ በላይ አወጣ፣ አዘዋወረ። ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ከዚያስ? ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ በአደባባይ ወጣ፣ ገንዘቡም በአብዛኛው ተመለሰ። ባንኩን እየወቀስኩ አይደለም። ግን ከዚያ አንድ ነገር እንማራለን፦ በዲጂታል የሄደ ብር ዱካ አለው። ከማን ሂሳብ ወጣ፣ ወደ ማን ገባ፣ የት ወኪል ጋ ተመነዘረ፣ ሁሉም ተጽፏል። ትልቅ ተቋም ሲከስር ዱካው ይፈለጋል። አንዲት አሮጊት 11 ሺህ ብር ስትከስር ግን "ቁጥሩን ራስዎ ነው የሰጡት" ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል።

ሌላው ዓለም ይሄን ክርክር ጀምሯል። እንግሊዝ ከኦክቶበር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ተታሎ በራሱ እጅ ገንዘብ ያስተላለፈ ደንበኛ እስከ 85 ሺህ ፓውንድ ድረስ እንዲካስ ደንግጋለች። ካሳውን የላኪውና የተቀባዩ ባንክ እኩል ይጋሩታል። "የተቀባዩ" የሚለውን ልብ በሉ፤ ለሌባ ሂሳብ የከፈተው ባንክም ይከፍላል። በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት ለማታለል ለተጋለጠ ሰው ደግሞ "ለምን አልተጠነቀቅክም" የሚለው ሰበብ አይሠራም። እኛ ጋ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፣ በኮምፒውተር ማታለልን ያስቀጣል። ብሔራዊ ባንክም አካውንት ለመክፈት የፋይዳ ቁጥርን ደረጃ በደረጃ ግዴታ እያደረገ ነው፤ ይሄ በሰው ስም በተከፈተ ሂሳብ የሚነግደውን ያጠበዋል ብዬ አምናለሁ። ግን ሌባውን መቅጣት አንድ ነገር ነው፣ የአያቴን ቆርቆሮ መመለስ ሌላ ነገር ነው።

እስከዚያው ያለው ሥራ በእኛ እጅ ነው። ስማርት ስልክ የያዝነው፣ የቤተሰቡ "ቴክኒሻን" ተብለን የተሾምነው እኛ ነን። እኔ ቤት የሠራውን ልንገራችሁ።

ሰላ ድንጋይ ሄጄ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያደረግነው አዲስ ሚስጥር ቁጥር ማውጣት ነው። ግን ይሄኛውን እኔ አላውቀውም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣ እሷ መረጠች፣ እሷ አስገባች። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ተሳሳተች፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ ግን ተካነችበት። የባዓል ቀን እንዳታደርገው ብቻ ለመንኳት። ባለሱቁ ጋ ስትሄድም ልጁ ሌላውን ሁሉ ይጫንላት፤ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ስልኩን ተቀብላ ራሷ ታስገባለች። ባለሱቁ ልጅ አልተቀየመም፤ እንዲያውም "እኔንም ከሐሜት አዳንሽኝ" አለኝ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡን ለየነው። ስልኩ ውስጥ የሚቀመጠው የሳምንት ወጪ ብቻ ነው። የቀረው ከስልክ ጋር ያልተያያዘ የባንክ ደብተር ውስጥ ገባ። ለማውጣት በአካል መሄድ አለባት፤ አዎ፣ ይደክማል። ግን በስልክ ማንም አይወስደውም።

ሦስተኛ፣ አንድ ደንብ አወጣን፦ ስለ ብር የደወለ ሁሉ ይዘጋበታል። ጥሩ ሰው ይሁን መጥፎ መለየት አይጠበቅባትም። "ዕድለኛ ሆነዋል" ያለ፣ "ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው" ያለ፣ "ከውጭ ዕቃ መጥቶልዎታል፣ የጉምሩክ ይክፈሉ" ያለ፣ ሁሉም አንድ ነው። ትዘጋና እኔ ጋ ትደውላለች። አያቴ በሰው ላይ ስልክ መዝጋት ከበዳት። ስለዚህ አንድ ቃል ተስማማን፦ "ልጄን ልጠይቃት" ብላ ነው የምትዘጋው። ነውር የለውም።

አራተኛ፣ "በስህተት ብር ልኬብዎት ነው፣ ይመልሱልኝ" የሚለው። ይሄ ብዙ ወጣትም የሚሸወድበት ነው። ብር የገባ የሚያስመስል መልእክት ከተራ ቁጥር ይልካሉ፣ ከዚያ እየለመኑ ይደውላሉ። የምትመልሱት ብር የራሳችሁ ነው። መልእክት አይታመንም፣ ቀሪ ሂሳብ ነው የሚታየው። በእውነት የገባ ከሆነ ደግሞ የሚመለሰው በድርጅቱ በኩል ነው።

አምስተኛ፣ "ልጅሽ ታማለች፣ ሆስፒታል ነች፣ ቶሎ ላኪ" ለሚለው። አሁን ደግሞ የሰው ድምፅ በኮምፒውተር መቅዳት ቀላል ሆኗል፣ የእኔን ድምፅ ራሱ ልትሰማ ትችላለች። ስለዚህ የቤት ጥያቄ አዘጋጀን። ጥያቄውን የመረጠችው እሷ ናት፤ ድሮ ስለነበረን አንድ በሬ ነው። መልሱን እዚህ አልጽፈውም።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ሰው ሊሸወድ ይችላል። ያኔ የሚያድነው ፍጥነት ነው። ቴሌብር ከሆነ 127፣ ኤምፔሳ ከሆነ 700፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ላይ ወዲያው ደውሎ ሂሳቡን ማሳገድ፤ መልእክቱን አለማጥፋት፤ የደወለውን ቁጥርና ሰዓቱን መጻፍ፤ ከዚያ ፖሊስ ጋ ማመልከት። ብሩ እስኪመነዘር ያለችው ጊዜ አጭር ናት።

እዚህ ላይ ነው ያቺ 19 ቀን የምታቃጥለኝ። "ለምን ያን ጊዜውኑ አልደወልሽልኝም?" ብዬ ጠይቄአታለሁ። "ስልኩን ትወስጂብኛለሽ ብዬ" አለችኝ። ከአክስቴ ጋር የምትገናኘው በዚያ ስልክ ነው። ከብሩ ይልቅ እሱን ፈርታ ነው ዝም ያለችው። እኔም ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ "ወይኔ፣ አትነካኪው አላልኩሽም!" ብዬ እንደጮህኩባት አስታወስኩ። ሌባው ብሩን ያወጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ 19ኙን ቀን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ።

ስለዚህ በዚህ ሰንበት ቤተሰብ ስትጠይቁ፣ ከምክሩ በፊት ይሄን በሏቸው፦ "ብትሸወዱም አልቆጣም፣ ብቻ ወዲያው ደውሉልኝ።" ከዚያ ቁጥራቸውን ይቀይሩ፣ እናንተ እንዳታዩት። እናንተ የማታውቁት ቁጥር ሲኖራቸው ነው "ይሄ ለማንም አይነገርም" የሚለው የሚገባቸው።

ባለፈው ስሄድ ሆን ብዬ "እማማ፣ ቁጥርሽ ስንት ነበር? ካርድ ልሙላልሽ" አልኳት። ስልኩን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። "ካርዱን ፍቀሽ አምጪ፣ እኔ እሞላዋለሁ" አለችኝ።

ቆርቆሮው ገና ነው። ጓዳው አሁንም ያፈሳል፤ ከየወሩ እያጠራቀምኩ እስካሁን ግማሹን ገዝቻለሁ።