ማረሻ የማይገባበት ጫካ፦ የጣና ጎብኚ የሚያየው የማንን ልፋት ነው?

ባሕር ዳር ደርሶ ጣናን ሳያይ የሚመለስ እንግዳ የለም ማለት ይቻላል። በዘንባባ የተዋቡትን ጎዳናዎች አልፎ ከሐይቁ ዳር ሲቆም ከፊቱ ሰፊ ውሃ፣ ከውሃው ማዶ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ይታየዋል። ጀልባ ተከራይቶ ይሻገራል፤ ገዳማቱን ይሳለማል፤ በግድግዳ ላይ የተሣሉ ሥዕሎችን አድንቆ በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። ያ ጫካ እንዴት እስከ ዛሬ ሊቆይ እንደቻለ ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። ጫካውን ያቆዩት በውስጡ የሚኖሩት አርሶ አደሮች ናቸው። ለዚህም በየዓመቱ ከኑሯቸው ላይ ዋጋ ይከፍላሉ።

ጣና በስፋቱ የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ ሲሆን፣ ስፋቱ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ሥፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገቡበታል፤ ከባሕር ዳር አጠገብ ደግሞ ዓባይ ይወጣበታል። ሐይቁና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ይህ ምዝገባ ሰውን ከአካባቢው የሚያስወጣ ሳይሆን አርሶ አደሩ እያረሰና እያመረተ ተፈጥሮን እንዲጠብቅ የሚጠይቅ ነው። ጣና ላይ ይህን ዓይነት አኗኗር ከምዝገባው ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ የጀመረ ሥፍራ አለ፤ ዘጌ።

በሬ የማይጠመድበት ቀዬ

የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምን፣ ቤተ ማርያምንና ሌሎችንም ገዳማት በጉያው ይዟል። በአካባቢው ትውፊት መሠረት የዘጌን ቡና ያበቀለው የአቡነ በትረ ማርያም በትር ነው። አባታችን በዚያ ምድር እንዳይታረስና የቀንድ ከብት እንዳይረባ አወገዙ፤ ሕዝቡም በቡናው፣ በጌሾውና በፍራፍሬው እንዲኖር ቃል ገቡለት ይባላል።

ትውፊቱን በእምነት የሚቀበለውም ሆነ በታሪክነቱ ብቻ የሚያየው ሰው ውጤቱን በዓይኑ ማየት ይችላል። ከዘጌ ውጭ ባለው የሐይቁ ዙሪያ አብዛኛው መሬት ለእርሻና ለግጦሽ ውሏል። ዘጌ ላይ ግን ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራውና ሾላው ቆመዋል፤ ከሥራቸው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይበቅላል። ጦጣው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ የወፉ ዓይነት ብዙ ነው። ማረሻ ስላልገባበት አፈሩ አልታጠበም፤ ከብት ስላልተሠማራበት ችግኙ አልተበላም።

ይሁንና ቃሉን የጠበቀው አርሶ አደር የዕለት እንጀራውን ከገበያ መሸመት ይኖርበታል። የሌላው አካባቢ ገበሬ ጎተራውን በጤፍ፣ በበቆሎና በዳጉሳ ሲሞላ የዘጌው ገበሬ ቡናና ጌሾ ሸጦ እህል ይገዛል። የቡና ዋጋ ሲወርድ ወይም የእህል ዋጋ ሲንር ከሁለት በኩል ይጎዳል። ከጓሮው የሚሸጠው በሬ የለውም፤ ቀንበር አውጥቶ የሚያርሰው ትርፍ መሬትም የለውም። በዚህ ጊዜ በእጁ የሚቀረው ዛፉ ነው።

ከዘጌ የተቆረጠ እንጨት በታንኳ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ገበያ ሲወርድ ኖሯል። ከተማዋ እየሰፋች፣ የማገዶና የግንባታ እንጨት ፍላጎቷም እየጨመረ በመጣ ቁጥር ፈተናው ይከብዳል። የተተከለ የቡና ችግኝ ለፍሬ እስኪበቃ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይወስዳል፤ የተቆረጠ ዛፍ ግን በማግስቱ ብር ይሆናል። የጥላ ዛፉ ሲጠፋ ቡናው ለፀሐይ ይጋለጣል፤ ቡናው ሲዳከም ደግሞ ገቢው ይቀንሳል። የቀነሰውን ገቢ ለመሙላት ሌላ ዛፍ ይወድቃል። ዘጌን የሚያሰጋው ይህ አዙሪት ነው።

መውጫው ቡናው ላይ ነው

አዙሪቱን ለመስበር ክልከላ ብቻውን አይበቃም፤ ከቆመው ዛፍ የሚገኘው ገቢ ከተቆረጠው መብለጥ አለበት። ለዚህ ደግሞ ከአንዱ የቡና እግር የሚገኘው ምርትና ጥራት ማደግ ይኖርበታል።

ብዙ ዘመን ሳይገረዝ የቆየ ቡና ወደ ላይ ይመዛል፤ ፍሬው ይሳሳል፤ ለለቀማም ያስቸግራል። ያረጀ ቡና ምርት እንደተሰበሰበ፣ ዝናብ ሳይገባ፣ ከመሬት በላይ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ትቶ በሹል መጋዝ ቢጎነደል አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ቁርጡ ውሃ እንዳይቋጥር ዘንበል ብሎ መቆረጥ አለበት። ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርቶ ሌላውን ማንሳት ያስፈልጋል። የተጎነደለ ቡና ወደ ምርት እስኪመለስ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ ሙሉ ማሳውን በአንድ ጊዜ መጎንደል ቤተሰቡን ያስርባል። በየዓመቱ ሩቡን ወይም ሲሶውን ማዳረስ ይሻላል።

ጥራቱ የሚበላሸው በአብዛኛው በለቀማና በማድረቅ ላይ ነው። አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር አብሮ መሸምጠጥ፣ መሬት ላይ አስጥቶ ከአፈር ማደባለቅ፣ ሳይደርቅ በጆንያ መቋጠር የጀንፈሉን ዋጋ ይጥላል። ቀይ የደረሰውን ብቻ ለቅሞ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ስስ አድርጎ አስጥቶ፣ እያገላበጡ ማድረቅ ግን ከጉልበትና ከጥቂት ሽቦ ወይም ሸምበቆ በላይ ወጪ አይጠይቅም። ጎብኚው «የዘጌ ቡና» ብሎ ሊገዛ የሚፈልገው እንዲህ የተዘጋጀውን ነው። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና ታሽጎ ጀልባው ከሚቆምበት ወደብ ቢሸጥ ደግሞ ትርፉ ለነጋዴ ሳይሆን ለአምራቹ ይቀራል።

የጎብኚ ገንዘብ ብቻውን የሚታመን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ጀልባዎች ቆመዋል፤ ከዚያ በኋላም የጸጥታ ችግር በተከሰተ ቁጥር የእንግዳው ቁጥር አሽቆልቁሏል። አስጎብኚውና የጀልባ ባለሙያው ሥራ ሲያጡ ቡናው ግን ፍሬ መስጠቱን አላቋረጠም። ስለዚህ ጉብኝት ለዘጌ ገበሬ ድጎማ እንጂ የኑሮ ምሰሶ ሊሆን አይገባም።

የደሴት ኑሮ

ከዘጌ አልፎ ወደ ሐይቁ መሐል የሚዘልቅ መንገደኛ ደቅን ያገኛል። ደቅ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ነው። በአጠገቡ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም እዚያው ነው። ደቅ ላይ እንደ ዘጌ ሳይሆን በሬ ይጠመዳል፤ እህል ይዘራል፤ ማንጎና ጌሾም ይመረታል።

የደሴት ገበሬ ትልቁ ችግር ማምረቱ ሳይሆን ማጓጓዙ ነው። ዘር፣ ማዳበሪያና መድኃኒት በውሃ ይገባሉ፤ ምርቱም በውሃ ይወጣል። ማዕበል በተነሳ ቀን ጀልባ አይንቀሳቀስም። የበሰለ ማንጎ ደግሞ ማዕበል እስኪያልፍ አይጠብቅም፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ ዋጋው ይወድቃል። የግብዓት አቅርቦት ዕቅድ ሲወጣ የደሴት ቀበሌዎችን ከየብሶቹ ጋር በአንድ የጊዜ ሰሌዳ መያዝ የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ለእነርሱ ቀድሞ መጫን ይገባል።

ከከተማዋ ሥር፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አፍ ላይ ያለችው ደብረ ማርያም ደግሞ የሌላ ኑሮ ምሳሌ ናት። የደሴቷ ሰው ጠዋት በጀልባ ወይም በታንኳ ተሻግሮ የባሕር ዳርን ገበያ ይውልና ማታ ወደ እርሻው ይመለሳል። ጎብኚም በአጭር ጉዞ የገጠር ኑሮን አይቶ ይመለሳል፤ ዕድለኛ ከሆነ ጉማሬ ያያል።

ደንገሉ ሲመነጠር

በዚህ ሁሉ ጉዞ እንግዳው ፎቶግራፍ ሳያነሳው የማያልፈው ነገር ታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ሥራውን በተለይ የወይጦ ማኅበረሰብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሰው ኖሯል። ደንገሉ ይታጨዳል፤ ይደርቃል፤ ይታሰራል። ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ዕድሜው አጭር ነው፤ ብዙ ሳይቆይ በአዲስ መተካት አለበት። ደንገል ከሌለ ታንኳም የለም።

ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ የወንዝ ደለልን ያጣራል፤ ለዓሣ ጫጩትና ለውሃ ወፎች መጠለያ ይሆናል። በአውሮፓ ክረምት ሲገባ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም በጣና ዙሪያ ይከርማሉ። ይሁን እንጂ በብዙ ሥፍራ ረግረጉ ለእርሻ ተመንጥሯል። በበጋ ውሃው ሲሸሽ የሚገኘው «ባሕር ሸሽ» መሬት እርጥበት ስላለው ለሽምብራና ለበቆሎ ይመቻል፤ መሬት ላጠረው ወጣት የሚያጓጓ ነው። ነገር ግን ደንገሉ ተነቅሎ እስከ ውሃው ጫፍ ሲታረስ በክረምት የሚመጣው ጎርፍ አፈሩንና ማዳበሪያውን በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይደፋል።

ያ ማዳበሪያ እምቦጭን ይቀልባል። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሰሜን ምሥራቁ የሐይቁ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል የተስፋፋው ይህ አረም የዓሣ ማስገሪያውንና የከብት ማጠጫውን ዘግቷል። በዘመቻ የታጨደ እምቦጭ ከዳር ተከምሮ ከተተወ የክረምት ሙላት መልሶ ይወስደዋል። ዘሩም በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ስለዚህ ከማበቡ በፊት መታጨድና ውሃ ወደማይደርስበት ከፍታ መጓጓዝ አለበት። የላይኛው ተፋሰስ እርከን ካልተሠራ ግን ታችኛው ወረዳ በየዓመቱ ሲያጭድ ይኖራል።

ዓሣውም የራሱ ሕግ አለው

ከጣና ዓሣዎች መካከል ነጭ ዓሣ በሚል የጋራ ስም የሚታወቁት ዝርያዎች ለሳይንስ ዓለም ብርቅ ናቸው። 15 የሚደርሱት በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ እየወጡ ጠጠራማ ሥፍራ ፈልገው ይራባሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገቡ በኋላ ዓሣው በብዛት ሲጠመድ የኖረው ለእርባታ ወደ ወንዝ አፍ በሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመጨመር ዓሣን ማፍዘዝም የተለመደ ጥፋት ነው። አንድ እንቁላል የያዘች ዓሣ በወንዝ አፍ ስትጠመድ የሚጠፋው የቀጣዩ ዓመት ምርት ጭምር ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ይህን ሀብት ለመጠበቅ የወጣ ነው። አዋጁ ሥራ ላይ የሚውለው ግን በወረዳ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በወንዝ አፍ መረብ እንዳይዘረጋ መጠበቅ ለአንድ ወረዳ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ ዓሣው የወረዳ ድንበር አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው። የጣና ጎብኚ ገንዘቡን የሚከፍለው ለጀልባና ለመግቢያ ቢሆንም የሚያየው ነገር ባለቤት አርሶ አደሩና ዓሣ አስጋሪው ነው። ዘጌ ዛፉን ቢቆርጥ፣ ዳርቻው ደንገሉን ቢነቅል፣ አስጋሪው የወንዙን አፍ ቢዘጋ ጀልባው የሚሄድበት ምክንያት አይኖርም። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የቡና ጉንደላን፣ የማድረቂያ አልጋን፣ የደንገል ዳርቻ ጥበቃንና የእርባታ ወቅት ክልከላን በዓመታዊ ዕቅዳቸው ውስጥ ጎን ለጎን ሊያስቀምጧቸው ይገባል። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችም ከጎብኚ ከሚገኘው ገቢ ለጫካው ጠባቂ የሚደርሰውን ድርሻ ግልጽ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ዛፉን ሳይቆርጥ የሚያድር ገበሬ ለልጆቹ የሚበቃ እህል መሸመት ከቻለ ማረሻ የማይገባበት ጫካ ለመጪው ትውልድም ይቆያል።