በከሰል ማዕድን ስለ ነበሩ የሥራ ስሞች

የዘሩን ሐረግ የሚመረምር እንግሊዛዊ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1851 ዓ.ም. በተጻፈው የሕዝብ ቈጠራ መዝገብ የቅድመ አያቱን ስም ሲያገኝ እጅግ ደስ ይለዋል። በስሙ አንጻር የሰፈረው የሥራ ስም ግን ብዙ ጊዜ ያሳስተዋል። «ባንክስማን» የሚለውን አንብቦ፣ አያቴ የባንክ ሹም ነበሩ ብሎ የሚኰራ አይታጣም፤ እኛም አንስቅበትም፤ ቃሉ ያታልላልና። በከሰል ቈፋሪዎች ቋንቋ «ባንክ» የጕድጓዱ አፍ ነው፤ ባንክስማንም በዚያ ቆሞ የሚወርደውንና የሚወጣውን የሚቈጣጠር ነው። «ቪወር» ተመልካች ይምሰል እንጂ የማዕድኑ ዋና አስተዳዳሪ ነበረ። «ሂወር» ከሰሉን በዶማ ይፈለፍላል፤ «ፐተር» ጋሪውን ይገፋል።

ልብ የሚነካው ግን «ትራፐር» ነው። ወጥመድ አጥማጅ አይደለም፤ በጨለማ ብቻውን ተቀምጦ የነፋስ መተላለፊያውን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሕፃን ነው። በ1838 በዮርክሻየር፣ በሲልክስቶን አጠገብ፣ ጐርፍ ወደ ሀስካር ጕድጓድ ገብቶ 26 ልጆች ሞቱ። በ1842 የወጣው ሕግ ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች ያሉትን ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከለከለ። ስለዚህ በ1881 መዝገብ የዊጋን ከተማ ሴት በከሰል ሠራተኛነት ተጽፋ ብትገኝ፣ ከጕድጓዱ አፍ በላይ ሆና ድንጋዩን ከከሰሉ ስትለይ የኖረች ናት ብሎ መገመት ይገባል።