ላቭ (ቅርጻ ቅርጽ)

ላቭ (ትርጉሙ «ፍቅር») አሜሪካዊው አርቲስት ሮበርት ኢንዲያና (1928–2018 እ.ኤ.አ.) የሠራው፣ ከአራት የላቲን ፊደላት ብቻ የተዋቀረ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ፊደልን ከወረቀት ላይ አንስተው ቁመት፣ ስፋትና ውፍረት ያለው ቁስ ካደረጉ የጥበብ ሥራዎች መካከል በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ነው።

ቅርጹ

ፊደላቱ ሁለት በሁለት ተደራርበው አራት ማዕዘን ይሠራሉ፤ «ኤል» እና «ኦ» ከላይ፣ «ቪ» እና «ኢ» ከታች ናቸው። «ኦ» ብቻ ወደ ቀኝ ዘመም ይላል። ፊደላቱ እርስ በርስ ስለሚነካኩ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታም የቅርጹ አካል ሆኖ ይታያል።

የታተመ ፊደል አንድ ፊት ብቻ አለው። ይህ ግን ጎን፣ ጀርባ፣ ክብደትና ጥላ አለው። ከፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ቃሉን ያነበዋል፤ ወደ ጎን ሲዞር ወፍራም ብረት ብቻ ያያል፤ ከኋላ ደግሞ ፊደላቱ በመስታወት እንደሚታዩ ተገልብጠው ያገኛቸዋል።

ታሪክ

ንድፉ በስፋት የታወቀው በ1965 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ባሳተመው የገና ካርድ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ቅርጽ በ1970 ተሠራ፤ ዛሬ የኢንዲያናፖሊስ የጥበብ ሙዚየም ንብረት ነው። ቁመቱ 3.6 ሜትር ገደማ ሲሆን የተሠራበት ኮርተን ብረት ላዩ ዝጎ የውስጡን ስለሚጠብቅ ቀለም አያስፈልገውም። በ1976 ፊላዴልፊያ የቆመው ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ የፊደላቱ ፊት ቀይ ሆኖ ጎናቸው በሌላ ቀለም በመቀባቱ ጥልቀታቸው ጎልቶ ይታያል።

በሌላ ፊደል

ኢንዲያና በ1977 ይህንኑ ቃል በዕብራይስጥ «አሃቫ» ብሎ ሠራው፤ ሥራው በኢየሩሳሌሙ የእስራኤል ሙዚየም ይገኛል። የዕብራይስጡ ቃልም አራት ፊደላት ስላሉት ሁለት በሁለት ይደረደራል፤ የሚነበበው ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው። «ፍቅር» በግዕዝ ፊደል ሦስት ሆሄያት ብቻ ስላሉት በዚያው አደራደር አራት ማዕዘኑን አይሞላም። ፊደል ቁስ ሲሆን ድምፁ ብቻ ሳይሆን ብዛቱና መልኩም ሥራውን ይወስናል።

የቅጂ መብት

ኢንዲያና የንድፉን የቅጂ መብት በጊዜው አላስጠበቀም። በአሜሪካ ሕግ አንድ ነጠላ ቃል ብቻውን የቅጂ መብት ጥበቃ አያገኝም። በ1973 በ8 ሳንቲም የፖስታ ቴምብር ላይ የወጣው ምስል ያለ ፈቃዱ በብዙ ዕቃዎች ላይ ታትሞ ተሽጧል። ሥራው ዓለምን ሲያዳርስ ሠሪው ከዚህ ሽያጭ ብዙም አልተጠቀመም፤ አንዳንድ ሐያስያንም በሸቀጡ ብዛት የተነሳ ኢንዲያናን እንደ ንግድ ሠዓሊ ቆጠሩት።