በባዕድ መንደር ማርጀት፤ የሞኻካር በጋና በዓላቱ

አገራችን በዝናብና በጭጋግ ተሸፍና ልጆች በምድጃ ዙሪያ ቈሎ በሚቈረጥሙበት በሰኔና በሐምሌ ወር፥ በደቡብ እስጳንያ ብርቱ በጋ ነው። ከቀትር በኋላ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል፤ በመንገድ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። ፀሓይ ከጠለቀች በኋላ ግን የመንደሩ እናቶች ወንበራቸውን ከቤት አውጥተው በደጃፋቸው ይደረድሩና ነፋስ እየተቀበሉ እስከ እኩለ ሌሊት ይጫወታሉ። ወንበር ይዞ መውጣት በዚያ አገር ታናሽ ነገር አይደለም። በ2021 አልጋር የምትባል የካዲዝ አውራጃ መንደር ከንቲባ ይህ የደጃፍ ጨዋታ በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ እንዲጻፍ እስከ መጠየቅ ደርሰው ነበር። (ዓመታቱን በኤውሮፓውያን፥ ቀኖቹን ግን በእኛ አቈጣጠር ጽፈናል።)

ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው በአልሜሪያ አውራጃ ስለምትገኝ ሞኻካር ስለምትባል መንደር ነው። ሞኻካር በኮረብታ ራስ ላይ የተሠራች፥ ቤቶቿ በኖራ የነጡ፥ ባሕሩን ቍልቍል የምታይ ናት። ከነዋሪዎቿ እኩሌታ የሚያህሉት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም የሚበዙት እንግሊዞች ናቸው። ብዙዎቹ ጡረታቸውን ይዘው፥ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን በአገራቸው ትተው፥ ፀሓይ ፍለጋ የመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው።

የነገሩ አስገራሚነት ይህች መንደር ራሷ ልጆቿን ያጣች መሆኗ ነው። በአካባቢው የነበሩት የብረትና የእርሳስ ማዕድን ጕድጓዶች ሲዘጉና ዝናብ ሲታጣ፥ ወጣቶቿ ገሚሱ ወደ አልጀሪያ፥ ገሚሱ ወደ አርጀንቲና፥ ገሚሱም ወደ ባርሴሎና ተሰደዱ። በሃያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ የቀሩት ጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የቤቱም ጣራ እየፈረሰ ነበር። ዋልት ዲስኒ የተባለው የታወቀው የሥዕል ፊልም ሠሪ እናቱ ወደ አሜሪካ ይዛው የሄደች የሞኻካር ልጅ ነው ብለው የመንደሩ ሰዎች ዛሬም ያወራሉ። ሰውየው በ1901 በቺካጎ የተወለደ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ልጅ የራቀባት እናት በሩቅ የከበረውን ሁሉ የኔ ነው ብትል ማን ይቀየማታል?

በ1960ዎቹ ዓመታት ከንቲባ የነበሩት ኻሲንቶ አላርኮን አንድ ብልሃት አገኙ። የፈረሰውን ቤት ወይም ባዶውን ቦታ ቶሎ አድሶ ለሚሠራበት ሰው ሁሉ በነጻ እሰጣለሁ አሉ። ሠዓሊዎች፥ ጸሓፊዎች፥ ከሥራ የተሰናበቱ መልእክተኞች ከየአገሩ መጡ። በ1966 መንግሥት በባሕሩ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ሆቴል ከፈተ። በዚያው ዓመት ከመንደሪቱ ባልራቀችው በፓሎማሬስ ላይ የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች በሰማይ ተጋጭተው አራት የኑክሌር ቦምቦች ስለ ወደቁ፥ የእስጳንያ ሚኒስትርና የአሜሪካ አምባሳደር ባሕሩ አለመመረዙን ለማሳየት በጋዜጠኞች ፊት ገብተው ዋኙ። የዚያ አገር ባሕር ስም በዓለም የተሰማው በዚህ ዓይነት ነው።

ወደ በዓሉ እንመለስ። በሰኔ 3 ቀን አጠገብ ባሉት በዓርብ፥ በቅዳሜና በእሑድ ሞኻካር «ሙሮችና ክርስቲያኖች» የተባለውን በዓል ታከብራለች። ይኸውም በ1488 መንደሪቱ ከሙሮች እጅ ወደ እስጳንያ ነገሥታት የገባችበት መታሰቢያ ነው። ሕዝቡ በየማኅበሩ ተከፍሎ፥ ገሚሱ የሙሮችን፥ ገሚሱ የክርስቲያኖችን ልብስ ለብሶ፥ በነጋሪትና በመለከት በዝግታ ይሰለፋል። ባሩድ ይተኰሳል፤ ሕፃናት ጆሮአቸውን ይይዛሉ። እያንዳንዱ ማኅበር ድንኳኑን ተክሎ የመጣውን ያበላል፥ ያጠጣል። ከውጭ አገር ሰዎችም ልብሱን ለብሰው ከማኅበር ገብተው የሚሰለፉ አሉ፤ ከዳር ቆመው ፎቶግራፍ ብቻ የሚያነሡም አሉ። መንደርተኛው ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል።

በዚህ በዓል የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት የነገሥታቱ መልእክተኛ ጋርሲላሶና የመንደሪቱ ሹም አላቤስ በምንጩ አጠገብ ተገናኙ። አላቤስም፥ እኔ እንደ አንተ እስጳንያዊ ነኝ፤ ወገኖቼ በዚህ ምድር ከተቀመጡ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖአቸዋል፤ እንደ ወንድም እንጂ እንደ ጠላት አትዩን፤ ያለዚያ ግን እንደ እስጳንያዊ ሆኜ እሞታለሁ የሚል ቃል ሰደደ ይባላል። ቃሉም ተቀባይነት አግኝቶ ያለ ደም ታረቁ። ምንጩ ዛሬም ውሃውን እያፈሰሰ ይገኛል፤ እናቶችም ብዙ ዘመን ልብስ ያጥቡበት ነበር። ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ ሳንደብቅ ለመናገር ግን የሰላሙ ቃል ለሁሉ አልጸናም። የግራናዳ መንግሥት ሙሮች ልጆች በ1570 ከአገራቸው ተነቅለው ተበተኑ፤ ከ1609 ጀምሮም የቀሩት ከእስጳንያ ምድር ሁሉ እንዲወጡ ታዘዘ። እንግዲህ 700 ዓመት ካልበቃ፥ ሰው በአንድ አገር ስንት ዓመት ቢቀመጥ ነው የአገሩ ሰው የሚባለው?

ይህ ጥያቄ ለዛሬዎቹ መጻተኞች የቀልድ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ በባሕሩ ዳር ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች እርስ በርሳቸው ይኖራሉ፤ በእንግሊዝኛ ይጫወታሉ፥ በእንግሊዝኛ ይዘምራሉ፥ የአገራቸውን ቍርስ ይበላሉ። ለተጣሉ ውሾችና ድመቶች ገንዘብ ያወጣሉ፤ ለታመመ ወገናቸው ምግብ ያደርሳሉ፤ ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን አሥር ዓመት ተቀምጠው ከሰላምታ ያለፈ የአገሩን ቋንቋ የማያውቁ አሉ። ጤና ሳለ ይህ አይታወቅም። ባል ሞቶ ሚስት ብቻዋን ስትቀር፥ ወይም ሌሊት ሕመም ሲነሣና ሐኪሙ የት ላይ ያምሻል ብሎ ሲጠይቅ፥ ያን ጊዜ ይታወቃል። በመንደሩ ትምህርት ቤት የሚማሩ የመጻተኞች ልጆች ግን ቋንቋውን በአንድ ዓመት ያቀላጥፉታል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በፋርማሲና በማዘጋጃ ቤት ለአባቱ አስተርጓሚ ሆኖ ሲቆም ማየት የተለመደ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የቀብር ነገር ነው። በእስጳንያ ልማድ ሰው በሞተ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ይቀበራል። በማንችስተር ያለ ልጅ ወሬውን ሰምቶ፥ ከሥራው ፈቃድ ለምኖ፥ አውሮፕላን ይዞ እስኪደርስ የእናቱ ሬሳ በመቃብሩ ግንብ ውስጥ ገብቶ በሩ ሊታሸግ ይችላል። ታዲያ ሬሳውን ማን ይሸኛል? በእኛ አገር እድርተኛው አለ። በዚያ አገር ደግሞ በበጋ ሌሊት ወንበሯን አውጥታ ከጎረቤቶቿ ጋር ተቀምጣ የነበረች እንደ ሆነች፥ እነዚያው እናቶች ጥቍር ለብሰው ይከተሏታል። ወንበሯን አንድ ቀን እንኳ ያላወጣች ግን ሸኚዋ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ነገር የሚጠቀስ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ጄራልድ ብሬናን የሚባል እንግሊዛዊ ጸሓፊ በ1920 ከግራናዳ በስተ ደቡብ ባለው ተራራ ላይ ዬኸን በምትባል ድኻ መንደር ቤት ተከራየ። ብዙ ዓመት ከገበሬዎቹ ጋር ኖሮ ሰርጋቸውን፥ በዓላቸውን፥ ሟርታቸውንም ሳይቀር በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈ። በእርጅናውም በማላጋ አውራጃ በአላውሪን ኤል ግራንዴ ይኖር ነበር። በ1984 ዕድሜው 90 ሆኖ ሲደክም ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በለንደን አጠገብ ካለ የሽማግሌዎች መጦሪያ ገባ። ወሬው በእስጳንያ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው አዘነ፤ የአንዳሉሲያ ባለሥልጣኖችም በዚያው ዓመት ወደ አላውሪን አስመልሰው፥ ጠባቂ ቀጥረው፥ በ1987 እስኪሞት ድረስ በቤቱ እንዲጦር አደረጉ። የትውልድ አገሩ ሳይሆን የኖረበት አገር ጦረው። ነገር ግን ብሬናን ስመ ጥር ሰው ነበር፤ መንግሥት ለእያንዳንዱ አሮጊት እንዲህ ሊያደርግ አይችልም።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። እንግሊዝ በ2020 ከኤውሮፓ ኅብረት ስለ ወጣች፥ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው እንግሊዛዊ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ በእስጳንያ ሊቀመጥ አይፈቀድለትም። ከሙሮችና ከክርስቲያኖች በዓል እስከ ሞኻካር የደብር በዓል እስከ ቅዱስ አውግስጢኖስ ቀን ድረስ ብንቈጥር 80 ቀን ነው። በዓላቱን ሁሉ ያከበረ ሰው እንግዲህ አብዛኛውን ቀኑን ጨርሶአልና ለጥቂት ወራት ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ ዱሮ ግን ብዙዎቹ ቤቱን የገዙት ለብርዱ ብለው ነበር። በመንደሪቱም በኩል ቅሬታ አለ፤ ቤት ሁሉ ለበጋ እንግዳ ስለሚከራይ አዲስ ተጋቢዎች ማደሪያ ያጣሉ። ይህን ቅሬታ የምንጽፈው እውነት ስለ ሆነ ነው።

በጋው እንዲህ ይገፋል። ሰኔ 16 ቀን ማታ በዮሐንስ መጥምቅ ዋዜማ በባሕሩ ዳር እንደ ደመራ ያለ እሳት ይነዳል፤ ሰዎችም በእኩለ ሌሊት እግራቸውን በባሕር ይነክራሉ። ሐምሌ 9 ቀን በጎረቤቷ ወደብ በጋሩቻ ዓሣ አጥማጆች የእመቤታችንን ምስል በጀልባ ጭነው ባሕሩን ያስባርካሉ። ነሐሴ 22 ቀን የቅዱስ አውግስጢኖስ በዓል ነው፤ ፈረሰኞች እየጋለቡ በገመድ ላይ የተንጠለጠለውን ባለ ቀለበት ጥብጣብ በትንሽ ዘንግ ወግተው ይመነጭቃሉ፤ ከዚያ በኋላ በአደባባይ ጭፈራ ነው። የማርሽ ባንዱ ዝም ሲል ጎሕ ይቀዳል።

በሳምንቱ የእንግዶቹ ሻንጣ ይጫናል። በደጃፉ ላይ የሚቀሩት ወንበሮች ከበጋው ያነሱ ናቸው፤ የቀሩትም ሰዎች እርስ በርሳቸው በስም ይጠራራሉ። የመጀመሪያው ነፋስ ከባሕር ሲነሣ አሮጊቶቹ፥ የአገሩም የውጭውም፥ ወንበራቸውን እየጐተቱ ወደ ቤት ያስገባሉ።