በሐይቅ ዳር የሚከራይ የዕረፍት ጎጆ፤ አሠራሩና ሒሳቡ

ለዕረፍት ከቤቱ የሚወጣ ሰው የሚያድርበት ስፍራ ሁሉ ሆቴል አይደለም። በአውሮፓ፣ ይልቁንም በብሪታንያና በአየርላንድ፣ ብዙ ቤተ ሰብ የዓመት ፈቃዱን የሚያሳልፈው በገጠር ርስት ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ጎጆ ነው። ጎጆ ትባል እንጂ ቤቲቱ አብዛኛውን ጊዜ በድንጋይ የተሠራች፣ ምድጃና መታጠቢያ ያላት ናት። ተከራዩ ለሰባት ቀን ይይዛታል፤ ምግቡን ራሱ ያበስላል፤ ቀኑ ሲፈጸም ቁልፉን መልሶ ይሄዳል። አስተናጋጅ የለም፤ ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ማዕድም የለም። ነገሩ ሲታይ ቀላል ቢመስልም የራሱ ሒሳብ፣ የራሱ ሕግና የራሱ ችግር ያለበት ንግድ ስለ ሆነ፣ በአንድ እውነተኛ ምሳሌ መመልከቱ ለነጋዴው ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የክሮም ርስት

በሰሜን አየርላንድ፣ ፈርማና በሚባለው አውራጃ፣ በላይኛው የኧርን ሐይቅ ዳር ክሮም የሚባል ርስት ይገኛል። ስፋቱ ወደ 800 ሄክታር የሚጠጋ ሲሆን ይህም በኢትዮጵያ የቀድሞ ልክ 20 ጋሻ ያህል ይሆናል። ሐይቁ በብዙ ደሴቶችና በሸምበቆ የተከፋፈለ ነው፤ ዳርቻውንም ያረጀ ደን ሸፍኖታል። በ1611 የተሠራው የመጀመሪያው ምሽግ በ1764 ተቃጥሎ ፍርስራሹ ብቻ ቀርቷል። ዛሬ ከሩቅ የሚታየው ትልቅ ሕንፃ ኤድዋርድ ብሎር በተባለ መሐንዲስ ንድፍ በ1830ዎቹ የታነጸ ነው። ርስቱ ለብዙ ትውልድ የክራይተን ቤተ ሰብ ሀብት ነበረ።

እንዲህ ያለ ርስት በደኅናው ዘመን እንደ ትንሽ ከተማ ይቈጠር ነበር። አትክልተኛው፣ የደን ጠባቂው፣ ባልደራሱና ጀልባ ቀዛፊው እያንዳንዳቸው በርስቱ ውስጥ መኖሪያ ይሰጣቸው ነበር። ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው ገንዘብ ግን የሚመጣው ከጭሰኞች የመሬት ኪራይ ነው። በ1903 የወጣው የአየርላንድ የመሬት ሕግ መንግሥት ለጭሰኛው እያበደረ መሬቱን ከባለርስቱ እንዲገዛ አደረገ፤ በሰሜኑም ክፍል የቀረው ሥራ በ1925 በወጣ ሕግ ተደመደመ። ስለዚህ ባለርስቶቹ ሕንፃቸውንና በዙሪያው ያለውን ግቢ ይዘው ቀሩ እንጂ የኪራዩ ምንጭ ደረቀ። የሠራተኛ ደመወዝ እየጨመረ፣ መኪናም የሰውን እጅ እየተካ ሲሄድ ደግሞ የሠራተኞቹ ቤቶች ባዶ ሆኑ። ዝናብ በሚበዛበት አገር ሰው የማይኖርበትና እሳት የማይነድበት ቤት ቶሎ ይሻግታል፤ ጣራው ካፈሰሰ በኋላም ማዳኑ ከመሥራቱ ይከብዳል።

በ1987 ርስቱ ናሽናል ትረስት በሚባለው ማኅበር ጥበቃ ሥር ገባ። ማኅበሩ በ1895 የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ በ1907 በወጣ ሕግ መሠረት «የማይሸጥ» ብሎ የሰየመውን ንብረት ያለ ፓርላማ ልዩ ፈቃድ ሊሸጥ አይችልም። የማይሸጥ ንብረት ወጪውን ከራሱ ማውጣት ይኖርበታል። ከርስቱ አሮጌ ቤቶች አንዳንዶቹ ታድሰው ለዕረፍተኞች መከራየት የጀመሩትም ለዚህ ነው። ትልቁ ሕንፃ እስከ ዛሬ የቤተ ሰቡ የግል ቤት ነው፤ ሆኖም እርሱም ቢሆን አንዱ ክንፉ ለሰርግና ለእንግዳ ይከራያል።

እንግዳው የሚያገኘውና የሚጠበቅበት

ተከራዩ ጎጆውን የሚይዘው ቀብድ ከፍሎ ነው፤ የቀረውን ሒሳብ ከመምጣቱ በፊት ያጠናቅቃል። ከሰዓት በኋላ ደርሶ በመጨረሻው ቀን ጠዋት መልቀቅ ግዴታው ነው። በቤቱ ውስጥ አንሶላና ፎጣ፣ ድስትና ሳሕን፣ ሹካና ማንኪያ በሰው ቍጥር ተሟልቶ ይጠብቀዋል። እንጀራውን፣ ማለትም የዕለት ምግቡን ግን ራሱ ማምጣት አለበት። ይህ ለከተማ ሰው አዲስ ነገር ነው፤ ወተት ወይም ክብሪት ቢያልቅበት በአጠገቡ ሱቅ የለም።

በቀን በጫካው መንገድ በእግር ይንሸራሸራል፤ አጋዘን ያያል፤ በውሃው ላይ ጀልባ ይቀዝፋል። ዓሣ ለማጥመድ ግን ፈቃድ ማውጣት ያስፈልገዋል። ማታ በድቅድቅ ጨለማ የሌሊት ወፎች ከሐይቁ በላይ ሲበሩ ይመለከታል። የሚከፍለው ለእነዚህ ነገሮች ነው። ጎጆው አራት ግድግዳ ነው፤ ዋጋ የሚሰጠው ግን ጸጥታውና ሐይቁ ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ ብዙ ገንዘብ ለማግኘት ሲል በሐይቁ ዳር ቤት ቢያበዛ የሚሸጠውን ዕቃ ራሱ ያጠፋዋል።

የሳምንቱ ሒሳብ

በአገራችን ብሂል እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። በጎጆ ኪራይ ንግድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ እንግዳው በሰነበተ ቍጥር ይከብራል። ምክንያቱም ከፍተኛው ወጪ የሚወጣው እንግዳ በተለወጠ ቍጥር ስለ ሆነ ነው።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ሌሊት ኪራይ 100 ፓውንድ፣ እንግዳ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ለጽዳትና ለአንሶላ አጠባ የሚወጣው 80 ፓውንድ ነው እንበል። አንድ ቤተ ሰብ ሰባት ሌሊት ቢያድር ኪራዩ 700፣ ወጪው 80፣ ቀሪው 620 ፓውንድ ይሆናል። ያው ሳምንት ሁለት፣ ሁለትና ሦስት ሌሊት ለሚያድሩ ሦስት እንግዶች ቢከፋፈል ኪራዩ ያው 700 ሆኖ ወጪው ወደ 240 ይወጣል፤ ቀሪውም 460 ብቻ ነው። በሁለቱም በኩል ቤቱ አንድም ሌሊት ባዶ አላደረም፤ ነገር ግን 160 ፓውንድ ጠፍቷል። ብዙዎቹ አከራዮች በበጋ ከሙሉ ሳምንት ያነሰ ኪራይ የማይቀበሉት በዚህ ምክንያት ነው። በክረምት ግን ባዶ ከሚቀር ብለው ሁለትና ሦስት ሌሊትም ይሰጣሉ።

ኢንሹራንሱ፣ ጥገናው፣ ማሞቂያውና የመሳሰለው ቋሚ ወጪ በዓመት 9,000 ፓውንድ ቢሆን፣ ባለጎጆው በየሳምንቱ 620 ፓውንድ እያስቀረ ወጪውን ለመሸፈን 15 ሳምንት ማከራየት አለበት። እንግዳውን የሚያመጣለት ወኪል ከኪራዩ አንድ አምስተኛ ኮሚሲዮን የሚወስድ ከሆነ ግን የሳምንቱ ቀሪ 480 ይሆንና 19 ሳምንት ያስፈልገዋል። የትምህርት ቤት በጋ ዕረፍት በዚያ አገር ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ሳምንት ስለማይበልጥ፣ የንግዱ ዕድል የሚወሰነው በመጸውና በጸደይ ወራት በሚመጣው እንግዳ ነው። ገበያው በሞቀበት ወር የሚገኘው ገንዘብ ትርፍ መስሎት የሚያጠፋ ሰው ኪሣራውን የሚያውቀው በጥር ነው።

ከጎጆው ወደ ሱቁ

የሆቴል እንግዳ የሚበላውን ሆቴሉ በጅምላ ይገዛለታል። የጎጆ እንግዳ ግን በየቀኑ ቸርቻሪ ዘንድ ይሄዳል። ለክሮም የምትቀርበው ኒውታውንበትለር የምትባል ትንሽ መንደር ናት። ሥጋ፣ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ማገዶ፣ ሻማና የዝናብ ልብስ የሚፈልገው ተከራይ ገንዘቡን የሚተወው እንዲህ ባሉ መንደሮች ነው። የድንበሩ መሥመር ቅርብ ስለ ሆነ ከዚያ ማዶ ያለው የአየርላንድ ሪፑብሊክ ነጋዴም በዩሮ እየሸጠ ይካፈላል።

ለዚህም ጥሩ ምስክር የሚሆነው የሐይቁ ቦይ ነው። የኧርንን ውሃ ሻነን ከተባለው ወንዝ ጋር የሚያገናኘው ቦይ ለጭነት ጀልባ ተብሎ በ1860 ተፈጸመ፤ ነገር ግን የባቡር ሐዲድ ቀድሞት ስለ ነበረ ነጋዴ አልተጠቀመበትም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ተተወ። በ1994 እንደ ገና ተጠርጎ ሲከፈት ግን ዕረፍተኛ የሚያመላልሱ ጀልባዎች ገቡበት። ሸቀጥ የናቀውን መንገድ እንግዳ አለማው። እርግጥ ነው፣ ይህ ሊሆን የቻለው ሰላም እየቀረበ ስለ መጣ ነው፤ በሰሜን አየርላንድ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1998ቱ ስምምነት በቆየው ብጥብጥ ዘመን የውጭ እንግዳ ወደዚያ ድንበር ለመሄድ ይፈራ ነበር።

ሕግ፣ ግብርና ቅሬታ

በሰሜን አየርላንድ ለእንግዳ ማደሪያ የሚያከራይ ሁሉ ከቱሪዝም መሥሪያ ቤት የምስክር ወረቀት መያዝ ግዴታው ነው፤ ቤቱም ይመረመራል። የሽያጩ መጠን በዓመት ከ90,000 ፓውንድ የሚያልፍ አከራይ በኪራዩ ላይ 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰበስባል። እስከ 2025 ድረስ የቤት ዕቃ የተሟላለት የዕረፍት ቤት ኪራይ እንደ ንግድ ሥራ ተቈጥሮ ባለቤቱ የባንክ ወለዱን በሙሉ ከገቢው ይቀንስ ነበር። ይህ ልዩ አስተያየት በ2025 ሚያዝያ ስለ ተሻረ ብዙ ትናንሽ አከራዮች ሒሳባቸውን እንደ ገና ለማየት ተገደዋል።

መንግሥት ፊቱን ያጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በብሪታንያ በሐይቅና በባሕር ዳር ባሉ መንደሮች ቤት ሁሉ ለዕረፍተኛ ሲከራይ የመንደሩ ወጣት የሚኖርበት አጥቶ ይሰደዳል፤ ተማሪ ሲያንስ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ በክረምትም መስኮቱ ሁሉ ጨለማ ይሆናል። ባለሱቁ በበጋ አትርፎ በክረምት ደንበኛ ያጣል። በዚህ በኩል በርስት ውስጥ ባዶ የቀረን ቤት ማደስ፣ ሰው የሚኖርበትን ቤት ነዋሪውን አስለቅቆ ከማከራየት ፈጽሞ የተለየ ነው። የመጀመሪያው በመንደሩ ላይ ይጨምራል፤ ሁለተኛው ከመንደሩ ይቀንሳል።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

በኢትዮጵያ የቢሾፍቱ፣ የላንጋኖና የሐዋሳ ሐይቆች ዳርቻ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የዕረፍት ስፍራ ሆኖ ቈይቷል፤ በጣና ዳር በጎርጎራና በወንጪም በ2020 ለሕዝብ በታወጀው ዕቅድ አዳዲስ ማረፊያዎች ተሠርተዋል። የአየርላንዱ ምሳሌ ግን እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በ1975 በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ስለ ሆነ፣ በሐይቅ ዳር የሚሠራ ነጋዴ መሬቱን በኪራይ ይይዛል እንጂ ባለርስት አይሆንም። የውሉ ዘመን ከሕንፃው ወጪ ጋር መመዛዘን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የቀረው ትምህርት ግን ለሁሉም ይሆናል። በመጀመሪያ ዋጋው ያለው በሐይቁ ላይ ስለ ሆነ ውሃውንና ዛፉን መጠበቅ የካፒታል ጥበቃ ነው። ሁለተኛ፣ የዓመቱ ትርፍ የሚለካው በበዓል ሰሞን ሳይሆን ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወራት ነው። ሦስተኛ፣ እንግዳው ራሱ አብስሎ የሚበላ ከሆነ ማር፣ ቡና፣ ዓሣ፣ አትክልት፣ የሽመና ፎጣና አንሶላ የሚያቀርቡ የአካባቢው ሰዎች ከጥቅሙ ይካፈላሉ፤ ሁሉ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ ግን ለመንደሩ የሚተርፈው አቧራው ብቻ ነው። በሐይቅ ዳር ቤት ለመሥራት የሚያስብ ነጋዴ ከድንጋዩና ከሲሚንቶው ዋጋ አስቀድሞ እነዚህን ሦስት ነገሮች በሒሳብ መዝገቡ ላይ ቢያሰፍር ከብዙ ጸጸት ይድናል።