የአበባ ዱቄት በዕፅዋት አመዳደብ ያለው ጥቅምና ወሰን

ለአጥር የሚተከለው ሰንሰልና እሾሃማው ኮሸሽላ በመልክ እምብዛም አይመሳሰሉም። የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ግን ሁለቱንም አካንታሴ ከተባለው ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። ቤተሰቡ ከ4000 በላይ ዝርያዎችን የያዘ በመሆኑ፣ በቅጠልና በአበባ መልክ ብቻ አባላቱን በየወገናቸው መለየት አዳጋች ነው። ጀርመናዊው ጉስታቭ ሊንዳው እ.ኤ.አ. በ1895 ይህን ቤተሰብ ሲመድብ ለአበባ ዱቄት ከፍተኛ ሥፍራ ሰጥቷል።

የአበባ ዱቄት ቅንጣት ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ያህል ነው። የውጭ ግድግዳው ግን አሲድንና መበስበስን እጅግ የሚቋቋም ስፖሮፖለኒን የተባለ ነገር አለበት። ስለዚህ ደርቆ ለብዙ ዓመታት ከተቀመጠ አበባ የተወሰደ ዱቄት እንኳ ለምርመራ ይበቃል። ተመራማሪው ቅንጣቱን በኬሚካል ካጸዳ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል፤ እነርሱም ቅርጽና መጠኑ፣ የቀዳዳዎቹና የሰርጦቹ ቁጥር፣ እንዲሁም የግድግዳው ገጽታ ናቸው።

በአካንታሴ ቤተሰብ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ቀይ አበባ ያለው ኮሸሽላ በሚገኝበት በአካንቱስ ወገን ቅንጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጉ ሦስት ሰርጦች አሉት። ሰንሰል በሚገኝበት በጁስቲሺያ ወገን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች ሲኖሩ፣ በግራና በቀኛቸው ትናንሽ ጉብታዎች በተርታ ይታያሉ። በቱንበርጂያ ሰርጡ ተጠማዞ ይዞራል፤ የባርሌሪያ ገጽ ደግሞ የማር እንጀራ ይመስላል።

ይሁን እንጂ መመሳሰል ሁልጊዜ የዝምድና ማስረጃ አይሆንም። የወፍና የሌሊት ወፍ ክንፍ ለየብቻ እንደ ተገኘ ሁሉ፣ ተመሳሳይ ገጽ ያለው ዱቄትም በማይቀራረቡ ዘሮች ለየብቻው ሊፈጠር ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ የተካሄዱ የዲ.ኤን.ኤ. ጥናቶች አካንቱስ ያለበትን ምድብ ሲያጸኑ፣ በዱቄት መመሳሰል ላይ ተመሥርተው የነበሩ አንዳንድ ምድቦችን ግን አፍርሰዋል።

የጸናው ምድብ የጸናው ማስረጃዎቹ ስለ ተስማሙ ነው። ኮሸሽላ አራት ወንዴ ዘንጎች ሲኖሩት ሰንሰል ሁለት ብቻ አሉት፤ በሰንሰል ቅጠል ውስጥ የሚገኙት ጥቃቅን የኖራ ክምችቶችም በኮሸሽላ የሉም። እንግዲህ የአበባ ዱቄት ብርቱ ምስክር ነው፤ ፍርዱ የሚጸናው ግን ሌሎች ምስክሮችም ተሰምተው ነው። ተማሪዎችም አመዳደብን በቃል የሚጠና ዝርዝር ሳይሆን፣ በማስረጃ የሚመዘንና የሚታረም ዕውቀት አድርገው ሊማሩት ይገባል።