ለጎረቤት የተስማማው ለሁሉም አይስማማም

ለአንዱ ማሳ የተስማማ ዘር ለሌላው ላይስማማ እንደሚችል ገበሬው ጠንቅቆ ያውቃል። የወሊድ መቆጣጠሪያም እንደዚሁ ከእናቲቱ ሰውነትና ኑሮ ጋር ተገናዝቦ ሊመረጥ ይገባል።

እንክብል በየቀኑ የሚዋጥ በመሆኑ ለአጨዳና ለገበያ ከቤት ርቃ የምትውል ሴት ልትረሳው ትችላለች። መርፌ በየ3 ወሩ ይሰጣል። ቀጠሮው ወንዝ ሞልቶ መንገድ በሚዘጋበት የክረምት ወቅት ላይ ከዋለ እስከ 2 ሳምንት አስቀድሞ መወጋት ይቻላል። መርፌው ከቆመ በኋላ እርግዝና ለወራት ሊዘገይ ስለሚችል በቅርቡ መውለድ የምትሻ ሴት ይህን ማወቅ አለባት። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት፣ በማሕፀን የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ደግሞ 10 ዓመት ያገለግላል። ሁለቱም በተፈለገ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ ይወጣሉ። ከአባላዘር በሽታ ጭምር የሚከላከለው ግን ኮንዶም ነው።

የደም ግፊት ያለባት ወይም ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃን የምታጠባ እናት ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለበት እንክብል አይመከርላትም፤ ሌላ ምርጫ ግን አላት። ስለዚህ ያለባትን ሕመም ሳትደብቅ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር ይኖርባታል።

መርፌና በክንድ የሚቀበረው የወር አበባን ሊያዛቡ ይችላሉ። ይህ አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ደንግጣ ስታቋርጥ ያላሰበችው እርግዝና ይከተላል።

የማኅበር መሪዎች ድርሻ ለእናቶች ዘዴ መምረጥ አይደለም። ባልና ሚስት እንዲመካከሩ፣ በወሬ ሳይሆን በጤና ኬላ ምክር እንዲመሩ በየስብሰባው ማስረዳት ነው። የመጨረሻው ውሳኔ የእናቲቱ ነው።